ከችግኙ በፊት፦ የሥነ ምህዳር ባለሙያ በጎጃም ወንዞች ዳር ምን ይሠራል?

በሐምሌና በነሐሴ ከደጀን በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ጨሞጋን፣ ተምጫን፣ ብርንና ግልገል ዓባይን በየድልድዩ ሲሻገር የሚያየው አፈር ያዘለ ደፍራሳ ውኃ ነው። እነዚሁኑ ወንዞች በመጋቢትና በሚያዝያ የተሻገረ ደግሞ አልጋቸው አብዛኛው ገላጣ ድንጋይና አሸዋ ሆኖ ያገኘዋል። ክረምት ላይ መደፍረሳቸውና በጋ ላይ መቅጠናቸው ሁለት የተለያዩ ችግሮች ቢመስሉም መነሻቸው በአብዛኛው አንድ ነው፤ ይኸውም ዝናቡ ከሚወርድበት ተዳፋት አንሥቶ እስከ ወንዙ አፋፍ ያለው መሬት ውኃን የመያዝ፣ የማጣራትና ቀስ ብሎ የመልቀቅ ችሎታውን ማጣቱ ነው። መፍትሔው ምን ይሁን ሲባል ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው ሐሳብ ችግኝ መትከል ነው። የወንዝ ዳር ተፈጥሮን መልሶ በማቋቋም ሥራ ላይ የተሰማራ የሥነ ምህዳር ባለሙያ ግን ተከላን በሥራው ቅደም ተከተል መጨረሻ አካባቢ ያስቀምጠዋል፤ ተከላ ጨርሶ የማያስፈልግባቸው ቦታዎችም አሉ። ይህ ለብዙ ሰው እንግዳ ስለሚሆን ምክንያቱን ዘርዘር አድርጎ ማስረዳት ይገባል።

ጎጃም በዓባይ የተከበበ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ የቆመበት ምድር ነው። ከጮቄ የሚነሡት ወንዞች በየአቅጣጫው ወርደው ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲገቡ፣ ከሰከላው ግሽ ዓባይ የሚነሣው ግልገል ዓባይ ወደ ሰሜን ፈስሶ ጣናን ይቀላቀላል። የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳል። ረጅም ተዳፋትና በጥቂት ወራት የሚከማች ዝናብ ባለበት አገር የወንዙ ዳርቻ ጎርፉ ወንዙ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የሚያልፍበት የመጨረሻው መሬት ነው።

ያልተነካ የወንዝ ዳር እንደ ማሳ አንድ ወጥ አይደለም። ውኃው አጠገብ፣ እግር በሚሰጥምበት ረግረግ ላይ፣ ቄጠማና ጨፌ፣ ወደ ጣና በሚጠጋው ዝቅተኛ ቦታ ደግሞ ደንገል ይበቅላል። ከእነርሱ ቀጥሎ ክረምት ላይ ውኃ ቢተኛበትም የማይሞተው አኻያ፣ ቀጥሎም ሥሩን ወደ እርጥበቱ የሚልከው ዶቅማ፣ ሾላና ባንባ ይመጣሉ። ከፍ ብሎ፣ ጎርፍ አልፎ አልፎ ብቻ በሚደርስበት ደልዳላ ቦታ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ሰሳና ብርብራ ይቆማሉ፤ በመካከላቸውም ግራዋ፣ ድግጣ፣ አጋምና ቀጋ ይጠላለፋሉ። ወደ ደጋው ሲወጣ ዝርዝሩ ተለውጦ ቀርከሃና ኮሶ፣ ከዚያም በላይ አስታና ጅብራ ይተካሉ። እያንዳንዱ ተክል የራሱ የውኃ ልክ ስላለው፣ ከወንዙ አምስት ሜትር ላይ የሚስማማው ዛፍ ሃያ ሜትር ርቆ ሲተከል ሊደርቅ ይችላል።

የዚህ ዳርቻ ሥራ ብዙ ነው። የዛፎቹ ሥር አፋፉን ይይዛል። ጥቅጥቅ ያለው ሣር ከማሳ የሚመጣውን ጎርፍ ፍጥነት ሲቀንሰው ውኃው ያዘለውን አፈር እዚያው ያራግፋል። ከማዳበሪያው ውስጥ ፎስፈረሱ በብዛት ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ስለሚጓዝ አፈሩ ሲቀር አብሮ ይቀራል። ናይትሮጅኑ ግን በውኃ ሟሙቶ በምድር ውስጥ ያልፋል፤ እርሱን የሚያስቀረው እርጥብ በሆነው የዳርቻ አፈር ውስጥ የሚኖሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ናይትሮጅኑን ወደ ጋዝ ለውጠው ወደ አየር መመለሳቸውና ሥሮች መምጠጣቸው ነው። ስለዚህ ጨፌውን አድርቆ ማረስ የግጦሽ መሬት ከማሳጣቱም በላይ ይህን የማይታይ ማጣሪያ ይዘጋል። እምቦጭ በጣና ላይ ከታየበት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለ አረሙ ነቀላ ብዙ ሲባል፣ አረሙን ስለሚመግበው ከተፋሰሱ ስለሚመጣ አፈርና ማዳበሪያ የተባለው ግን ከዚያ በእጅጉ ያነሰ መሆኑ ያሳዝናል።

ዓሣውም ከዳርቻው ጋር የተሳሰረ ነው። በጣና ውስጥ ቢልጫ በሚባለው ስም የሚጠሩት፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ያህል ዝርያዎች ይኖራሉ። ከእነዚህ ውስጥ በርካታዎቹ ክረምቱ ሲያይልና ሲወጣ ሐይቁን ትተው እንቁላል ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። የሚፈልጉትም ጠጠር ያለበት፣ ንጹሕና አየር የሞላበት ወራጅ ውኃ ነው። ጠጠሩ በደለል ሲሸፈን እንቁላሉ አየር ያጣል፤ አሸዋና ጠጠሩ ለግንባታ ሲዛቅ ደግሞ እንቁላል የሚጥሉበት ቦታ ራሱ ይጠፋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ እንዴት ጠፋ ለሚለው ጥያቄ መልሱን ሁሉም ያውቀዋል፤ ማሳው እስከ አፋፉ ጫፍ ታርሷል፣ ከብቱ ዓመቱን ሙሉ በልቅ ግጦሽ ይሰማራል፣ በጋ ላይ ወንዙ በሞተር እየተሳበ ሽንኩርትና ድንች ይለማበታል፣ የቀረው ቦታ ደግሞ በባሕር ዛፍ ተይዟል። ብዙም ያልተነገረው ግን ከጨሞጋ የተገኘው ትምህርት ነው። በደብረ ማርቆስ አካባቢ ባለው የጨሞጋ ተፋሰስ ላይ የተደረገ ጥናት ከ1957 እስከ 1998 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ በዛፍ የተሸፈነው መሬት እንደጨመረ አሳይቷል፤ ጭማሪው በዋናነት ገበሬው የተከለው ባሕር ዛፍ ነበር። በዚያው ዘመን የወንዙ የበጋ ፍሰት ቀንሷል። ከዚህ በመነሣት ባሕር ዛፉ ብቻውን ወንዙን አደረቀ ማለት ስሕተት ይሆናል፤ የግጦሽ መሬቱ መራቆትና የመሬት አጠቃቀሙ መለወጥም ድርሻ አላቸው። ሆኖም አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል፦ ከሩቅ ሲታይ አረንጓዴ የሆነ ተፋሰስ ሁሉ ውኃ የሚይዝ ተፋሰስ አይደለም። የሥነ ምህዳር ባለሙያ በተተከለው ችግኝ ቁጥር የማይረካው ለዚህ ነው።

የባለሙያው የመጀመሪያ ሥራ ስለዚህ ወንዙን ማንበብ ነው፤ ለዚህም አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሙሉ ቢያጠፋ ጊዜ አባከነ አይባልም። ዝናብ በሚጥልበት ሰዓት ተዳፋቱን እየተከተለ ወርዶ ውኃው በየት በኩል ወንዙ ውስጥ እንደሚገባ ያያል። ጎጃም ውስጥ ይህን ለማየት ከፈሰስ መጀመር ይቀላል። ፈሰስ ገበሬው ማሳው እንዳይጥለቀለቅ ተዳፋቱን አግድም አቋርጦ በማረሻ የሚያወጣው ቦይ ነው። የብዙ ማሳ ፈሰስ አንድ ላይ ተገናኝቶ በአንድ ነጥብ ወንዙ ላይ ሲወድቅ፣ ውኃው ተሰብስቦ ኃይል ያገኛል። እዚያ ቦታ ላይ ሃያ ሜትር ስፋት ያለው ሣርና ዛፍ ቢኖር እንኳ ቦዩ መሐሉን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ ደለሉ ሳይጣራ ወንዙ ውስጥ ይገባል። የዳርቻ ዕፅዋት የሚያጣሩት በስፋት ተዘርግቶ፣ ስስ ሆኖ የሚመጣን ውኃ ነው። ስለዚህ ከችግኝ በፊት የሚሠራው ሥራ የፈሰሱን መውጫ በድንጋይ አንጥፎ ውኃውን መበተን፣ አልያም ወደ እርከን ወይም ወደ ሣር መሬት ማዞር ይሆናል። ይህም ከአንድ ገበሬ ጋር ተነጋግሮ የሚያልቅ አይደለም፤ የላይኛው ማሳ ባለቤት ፈሰሱን ካልቀየረ የታችኛው ድካም ከንቱ ነው።

ሁለተኛው ንባብ ከመሬት በታች ያለውን ውኃ ይመለከታል። ከባሕር ዳር በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኘው ደብረ ማዊ፣ ተመራማሪዎች የቦረቦርን አመጣጥ ለዓመታት ተከታትለዋል። በልማድ የሚታመነው ቦረቦርን የሚያሰፋው ከላይ የሚመጣው ጎርፍ ነው የሚለው ነው። በደብረ ማዊ የታየው ግን የሸለቆው ግርጌ በክረምቱ ዝናብ እስኪጠግብ ጠጥቶ፣ የከርሰ ምድሩ ውኃ ከቦረቦሩ ወለል በላይ ከፍ ሲል ግድግዳው ከውስጥ እየተገፋ እንደሚናድ ነው። አፈሩ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ መያያዣውም ይላላል። ከዚህ ቦረቦር ተጠርጎ የሚሄደው አፈር ከማሳው ከሚነሣው በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። በጋ ላይ ተሰነጣጥቆ የሚታየው የዋልካ አፈር በዚህ ረገድ በተለይ ደካማ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች በስንጥቁ ገብተው ከሥር መንገድ ያበጁለታል።

ይህ ግኝት በተግባር ብዙ ነገር ይለውጣል። ውኃ በጠገበ ግርጌ ላይ የተሠራ የጋቢዮን (በሽቦ መረብ የታሠረ ድንጋይ) ክትር ጎርፉን ቢያቆምም ከጎን የሚናደውን ግድግዳ አያቆምም፤ ውኃው ክትሩን በጎን ዞሮ አዲስ መንገድ ሲቆርጥና ሽቦውና ድንጋዩ መሐል ቦረቦር ላይ ብቻውን ቆሞ ሲቀር ማየት እንግዳ አይደለም። እንዲህ ባለ ቦታ ባለሙያው ቀጥ ያለውን ግድግዳ አስልሶ ተዳፋት እንዲሆን ያደርጋል፣ የቦረቦሩ አናት ወደ ላይ እንዳይጓዝ በድንጋይና በሣር ያሥረዋል፣ ከዚያም እርጥበቱን ተጠቅሞ በፍጥነት ሥር የሚሰድ ሣር ያለብሰዋል። ቬቲቨር ለዚህ በብዙ ቦታ ያገለግላል፤ አመጣጡ ከህንድ በመሆኑ ግን የአገሩን ሣር የሚተካ ሳይሆን ለአስቸኳይ ጊዜ የሚያዝ መሣሪያ ተደርጎ ቢታይ ይሻላል ባይ ነኝ። ሰንበሌጥና የዝሆን ሣር አፈር ከመያዝ አልፈው ለጣሪያና ለከብት ይሆናሉ።

ሦስተኛው ጥያቄ ቀድሞ እዚህ ምን ይበቅል ነበር የሚለው ነው። መልሱ በጎጃም ከቤተ ክርስቲያን አጸዶች፣ ገበሬው በማሳው መሐል ካቆያቸው ዋንዛዎች፣ ከብት ከማይደርስባቸው ገደሎችና ከሽማግሌዎች ትዝታ ይሰበሰባል። የዘጌ ልሳነ ምድር ደን ከገዳማቱ ጋር አብሮ የቆየ ትልቁ ምስክር ነው። በየቀበሌው ያለው ትንሽ ደብርም ቢሆን በግቢው ውስጥ ሌላ ቦታ የጠፉ ዛፎችን ይዟል። በእነዚህ አጸዶች ላይ ባደረጉት ጥናት የሚታወቁት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ፣ ከጣና ማዶ በደቡብ ጎንደር በሠሩት ሥራ ለዚህ ጉዳይ ወሳኝ የሆነ ነገር አሳይተዋል፤ ይኸውም የአብዛኞቹ አገር በቀል ዛፎች ዘር በአፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የሚቆይ አለመሆኑ ነው። የአረምና የሣር ዘር ቀን እስኪወጣለት መሬት ውስጥ ሊጠብቅ ይችላል፤ የደን ዛፍ ዘር ግን በአብዛኛው ወይ በዚያው ወቅት ይበቅላል ወይ ይሞታል።

ይህ ማለት መከለል ብቻውን የሚበቃበትና የማይበቃበት ቦታ አለ ማለት ነው። አጠገቡ ዘር የሚሰጥ ዛፍ ያለው ዳርቻ ከከብት ሲጠበቅ በራሱ ያገግማል፤ ወፎች፣ የሌሊት ወፎችና ጦጣዎች የሾላና የዶቅማ ፍሬ በልተው ዘሩን ያመጡለታል። በማሳ መሐል ብቻዋን የቆመች ዋንዛ ለዚህ ያላት ጥቅም ከፍተኛ ነው፤ ሥሯን ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ወፍ አርፎባት ከጣለው ኩስ የበቀሉ፣ እርሷ ያላፈራቻቸውን የሌላ ዛፍ ቡቃያዎች ያገኛል። ዘር የሚሰጥ ዛፍ በአካባቢው በሌለበት ገላጣ ዳርቻ ግን አሥር ዓመት ቢከለል የሚገኘው በአብዛኛው ሣርና ቁጥቋጦ ነው። ችግኝ የሚያስፈልገው እዚህ ነው።

ክለላው ራሱ ከተፈጥሮ ሳይንስ ይልቅ የሰው ጉዳይ ነው። በአንድ መቶ ሜትር የወንዝ ርዝመት ላይ አሥር ሜትር ስፋት ብቻ ቢተው አንድ ሺህ ካሬ ሜትር ይሆናል፤ አንድ ቃዳ ሩብ ሄክታር ገደማ በመሆኑ ይህ ከግማሽ ቃዳ ብዙም አያንስም። ጠቅላላ ይዞታው አንድ ሄክታር ለሚጠጋ ገበሬ ይህ ቀላል መሬት አይደለም። የወል ግጦሽ በሆነው ዳርቻ ደግሞ የሚጎዳው መሬት የሌለው፣ ሁለት ላምና ጥቂት በግ ይዞ በወል መሬት የሚኖር ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ደንቡ በቀበሌ ስብሰባ ጸደቀ ተብሎ ብቻ አይጸናም። የሚጸናው አጭዶ የመመገቡ ድርሻ ለማን ምን ያህል እንደሆነ ሲታወቅ፣ ከብት ውኃ የሚጠጣበት መውረጃ ሲተውና በድንጋይ ሲነጠፍ፣ ጥበቃውም ክፍያውን ከሣሩ ሽያጭ ሲያገኝ ነው። የከብት መውረጃ የተረሳበት ክለላ አጥሩ በመጀመሪያው ጥር ይፈርሳል፤ ላሟ መጠጣት አለባት። የሚያጽናናው ሣሩ ሰው ከሚያስበው ቀድሞ መምጣቱ ነው። ከብት በወጣበት የመጀመሪያው ክረምት ቁመቱ ስለሚታይ፣ ተጠራጣሪውን ጎረቤት ከስብሰባው ይልቅ ሸክም ሣሩ ያሳምነዋል።

ወደ ችግኙ ስንመጣ፣ አገር በቀል ዛፍ ማፍላት ከባሕር ዛፍ የሚከብድበት ምክንያት አለ። የዶቅማ ዘር ከደረቀ ይሞታል፤ ፍሬው ሲበስል ተለቅሞ፣ ሥጋው ታጥቦ፣ በቀናት ውስጥ መዘራት አለበት። ከዓመት ዓመት በጆንያ ማስቀመጥ አይቻልም። የጥቁር እንጨት ዘርም ብዙ አይቆይም። ስለዚህ የዘር ለቀማው የጊዜ ሰሌዳ በበጀት ዓመቱ ሳይሆን በዛፉ ይወሰናል፤ ብዙ ችግኝ ጣቢያዎች ዓመት እስከ ዓመት የሚገኝ የባሕር ዛፍ፣ የግራቪሊያና የዲከረንስ (ከውጭ የመጣ የግራር ዓይነት) ዘር ላይ የሚያተኩሩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አኻያ ግን ችግኝ ጣቢያ አያስፈልገውም፤ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ተቆርጦ፣ ታችኛው ጫፍ ሰያፍ ተደርጎ፣ ከግማሹ በላይ እርጥብ አፋፍ ውስጥ ከተሰካ ሥር ያወጣል። ሾላም ከወፍራም ችካል ሊበቅል ይችላል። በአዊ ደጋዎች ቀርከሃ ከነሥሩ ተነቅሎ ሲተከል፣ ከመሬት በታች የሚሰደው ግንዱ አፋፉን እንደ መረብ ይይዘዋል፤ ለአጥር፣ ለቅርጫትና ለወንበር የሚሆን ሽያጭም ያስገኛል።

የተከላ ወቅትም እንደ ቦታው ይለያያል። ከፍ ባለው ደልዳላ ቦታ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ተስማሚ ነው። ጎርፍ በሚያጥለቀልቀው ዝቅተኛ ደረጃ ላይ በሐምሌ የተተከለ ችግኝ ግን ሥር ሳይሰድ ነሐሴ ይወስደዋል፤ እዚያ የሚሻለው ውኃው ሲጎድል፣ በመስከረም፣ መሬቱ ገና እርጥብ ሳለ መትከል ነው። በአንድ ቀን ዘመቻ ሁሉንም ቦታ በእኩል መትከል ለፎቶ ያምር ይሆናል፣ ለዝቅተኛው አፋፍ ግን አይሆንም።

በዳርቻው ላይ አስቀድሞ የተተከለ ባሕር ዛፍ ካለስ? ባለሙያው በአንድ ጊዜ ንቀሉት አይልም። ሥሩ ለጊዜው አፋፉን ይዞታል፤ ባለቤቱም አጣናና ቋሚ ሸጦ የልጅ ደብተርና ልብስ የሚገዛበት ሀብት ነው። የተሻለው መንገድ ገበሬው ለሽያጭ በቆረጠ ቁጥር ወደ ውኃው ያለውን ረድፍ አቆጥቁጦ እንዳይመለስ መከላከል፣ በቦታው ዋንዛና ብሳና ማስገባት፣ ባሕር ዛፉን ደግሞ ወደ ተዳፋቱ ማሸሽ ነው። በአዊ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ ሲዘወተር የቆየው፣ ዲከረንስን ለጥቂት ዓመታት አሳድጎ ከሰል ካወጡ በኋላ መልሶ ጤፍ የመዝራት ልማድ በማሳ ላይ የራሱ ጥቅም አለው፤ የወንዝ ዳር ግን የማሳ ፈረቃ የሚካሄድበት ቦታ አይደለም፣ ምክንያቱም ዛፉ በተቆረጠ ቁጥር አፋፉ እንደገና ይራቆታል። ባለይዞታውን በዚህ መካከል የሚያቆየው ገቢ ከሣርና ከማር ይገኛል፤ ብሳናና ግራዋ ንብ የሚወዳቸው ናቸው።

ሥራው መሳካቱን የሚለካውም በተተከለው ቁጥር አይደለም። ባለሙያው በሦስተኛው ዓመት ስንት ችግኝ እንደተረፈ፣ ከዚያም በላይ ማንም ሳይተክላቸው ስንት ዝርያዎች እንደመጡ ይቆጥራል። የወንዙን አልጋ ስፋት በቋሚ ምልክት በየዓመቱ ይለካል። ከውኃው ውስጥ ድንጋይ አንሥቶ ገልብጦ ከሥሩ የተጣበቁትን የነፍሳት እጮች ያያል፤ ጭቃ ውስጥ የሚኖሩት ቀያይ ትሎች ብቻ ከተገኙ ውኃው አየር ያጣ ነው፣ ንጹሕ ወራጅ ውኃ የሚሹት ዓይነቶች ሲጨምሩ ደግሞ ጠጠሩ ከደለል እየጸዳ ነው ማለት ነው። የበጋውን ፍሰት ለውጥ ለማየት ግን ብዙ ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ የዝናቡ ከዓመት ዓመት መለዋወጥ ለውጡን ስለሚሸፍነው፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ምንጩ ተመለሰ የሚል ሪፖርት በጥንቃቄ መነበብ አለበት።

ዛፎቹ ሲያድጉ አዲስ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። ጥላው ሲሰፋ ከሥሩ ያለው ሣር ይሳሳል፣ ስለዚህ ክለላውን ለሣሩ ሲል የተቀበለው ቤተሰብ ድርሻው ይቀንስበታል። በዚህ ጊዜ ደንቡ እንደገና ተከፍቶ የትኛው ረድፍ እንደሚሳሳ፣ የተገረዘው ቅርንጫፍ ለማገዶ ለማን እንደሚሰጥ፣ የትኛው ቦታ ለሣር ክፍት ሆኖ እንደሚቆይ መወሰን አለበት። ባለሙያው የሚያቀርበው የጥላውን ስፋትና የአፋፉን ሁኔታ ነው፤ ውሳኔው ግን ሣሩን ከሚያጭዱት ሰዎች ጋር የሚደረስ ስምምነት ነው።